የሂሳብ ደረጃ ሲለወጥ የድርጅቶች የሂሳብ መግለጫ እንዴት ይነበባል?

አንድ ባንክ በ2009 በጀት ዓመት አገኘሁ ብሎ ያስታወቀው ትርፍና ይኸው ባንክ በቀጣዩ ዓመት ሪፖርቱ ለማነጻጸሪያነት ያቀረበው የ2009 ትርፍ ተለያይተው ቢገኙ፣ ሰነዱን የሚመረምረው ባለሙያ በቅድሚያ የሚጠረጥረው ስህተትን ወይም መደለዝን ነው። በ2010 በጀት ዓመት ግን እንዲህ ያለው ልዩነት በኢትዮጵያ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ሪፖርት ላይ የሚጠበቅ ነበር። ተቋማቱ ሰኔ 30 ቀን 2010 ዓ.ም ለተጠናቀቀው በጀት ዓመት ሂሳባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች (አይኤፍአርኤስ) መሰረት እንዲያዘጋጁ በመደረጉ፣ ያለፈውን ዓመት አሃዝም በአዲሱ መለኪያ እንደገና ማስላት ነበረባቸው። ሁለቱም አሃዞች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተለወጠው መለኪያው ነው።

ጉዳዩ የሂሳብ ባለሙያዎች ብቻ ተደርጎ ሲወሰድ ይታያል። ይሁንና የድርጅትን የሂሳብ መግለጫ ተመልክቶ ውሳኔ የሚሰጠው አካል ብዙ ነው። የገቢዎች ባለሥልጣን ባለሙያ ግብር ይወስንበታል፤ የመንግስት የልማት ድርጅት የሥራ አመራር ቦርድ አባል የሆነ ኃላፊ የትርፍ ድልድል ያጸድቅበታል፤ የኢንቨስትመንትና የህብረት ሥራ ጽህፈት ቤቶችም የድርጅቱን አቅም ይመዝኑበታል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ በሆነችው ወላይታ ሶዶ፣ ቀድሞ ዞንን ብቻ ያገለግሉ የነበሩ ባለሙያዎች ዛሬ ክልላዊ ተቋማትን ጭምር ይከታተላሉ። ቀድሞ የአንድ ክልል የነበሩ የልማት ድርጅቶችና የአክሲዮን ድርሻዎች ወደ አዳዲስ ክልሎች ሲተላለፉ የሀብትና የዕዳ ጥያቄ መነሳቱ የማይቀር በመሆኑ፣ በሰነዱ ላይ የሰፈረው ዋጋ በየትኛው መለኪያ የተሰላ እንደሆነ ማወቅ ተጨባጭ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ሕጉና የጊዜ ሰሌዳው

የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነጋዴዎች መዝገብ እንዲይዙና በዓመቱ መጨረሻ የሀብትና ዕዳ መግለጫ እንዲያዘጋጁ ያስገድድ ነበር እንጂ በዘመናዊ ትርጉሙ የተሟላ የሂሳብ ደረጃ አላስቀመጠም። በዚህም የተነሳ በርካታ ድርጅቶች የግብር ሕጉን የእርጅና ተቀናሽ መጠን እንደ ሂሳብ ደረጃ አድርገው ሲሠሩበት ቆይተዋል። ለምሳሌ በ1994ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ለሕንጻ 5 በመቶ፣ ለኮምፒውተር 25 በመቶ፣ ለሌሎች ንብረቶች 20 በመቶ የሚለው ስሌት ከግብር ማስታወቂያ አልፎ በድርጅቶቹ መዝገብ ውስጥ እንዳለ ገብቷል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ በ2007 ባወጣው ግምገማ በሀገሪቱ የሂሳብ ደረጃን የሚያወጣና አፈጻጸሙን የሚከታተል ራሱን የቻለ ተቋም አለመኖሩን አመልክቶ ነበር። በ2000 ዓ.ም የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 ብሔራዊ ባንክ ባንኮችን በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲያዘጋጁ ለማዘዝ የሚያስችል ድንጋጌ ቢይዝም፣ ሽግግሩ ሁሉንም ዘርፍ ያካተተው በፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። አዋጁን ለማስፈጸምም የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 332/2007 ተቋቁሟል።

አዋጁ ሪፖርት አቅራቢዎችን በሦስት ይከፍላል። የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶች ሙሉውን ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ለእነርሱ ተለይቶ የተዘጋጀውን ቀለል ያለ ደረጃ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ደግሞ የመንግስት ዘርፍ ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎችን ይከተላሉ። በቦርዱ የጊዜ ሰሌዳ መሰረት የፋይናንስ ተቋማትና ትላልቅ የመንግስት የልማት ድርጅቶች በ2010፣ ሌሎች የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በ2011፣ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በ2012 በጀት ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያ ሪፖርታቸውን እንዲያቀርቡ ታቅዶ ነበር። በተግባር ግን ሁሉም በተባለው ቀን አልደረሱም፤ በመሆኑም በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ የተሰማሩ ሁለት ድርጅቶች በተለያየ መለኪያ የተዘጋጀ ሪፖርት ይዘው ሊቀርቡ ይችላሉ።

በዚህ ረገድ የቀን አቆጣጠሩም ያሳስታል። በበርካታ የኢትዮጵያ ተቋማት የእንግሊዝኛ ሪፖርት ላይ “ጁን 30” ተብሎ የሚጻፈው ቀን በአብዛኛው ሰኔ 30ን የሚያመለክት ሲሆን፣ ይህም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ጁላይ 7 ነው። ከሌላ ሀገር ድርጅት ጋር ሂሳብ የሚያመሳክር ባለሙያ በእነዚህ ሰባት ቀናት ውስጥ የተፈጸመ ክፍያ “ጠፋ” ብሎ ከመጻፉ በፊት ይህን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ፖሊሲ፣ ግምትና ስህተት

የሂሳብ አሃዝን ወደ ኋላ ተመልሶ መለወጥን የሚገዛው ስምንተኛው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ (አይኤኤስ 8) ነው። ደረጃው ሦስት ነገሮችን አጥብቆ ይለያል። አንደኛው የሂሳብ አያያዝ ፖሊሲ ለውጥ ሲሆን፣ ድርጅቱ አንድን ነገር የሚለካበትን መርህ መለወጡን ያመለክታል። ይህ የሚፈቀደው ደረጃው ራሱ ሲያዝ ወይም አዲሱ ፖሊሲ አስተማማኝና ይበልጥ ጠቃሚ መረጃ የሚሰጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ ለውጡም በመርህ ደረጃ ያለፉትን ዓመታት አሃዝ ወደ ኋላ ተመልሶ በማስተካከል ይፈጸማል። ሁለተኛው የግምት ለውጥ ነው፤ አንድ ማሽን አሥር ዓመት ያገለግላል ተብሎ ታስቦ ስድስት ዓመት ብቻ የሚቆይ መሆኑ ሲታወቅ ያለፈው አይነካም፣ ስሌቱ ከዚያው ዓመት ጀምሮ ወደ ፊት ይቀየራል። ሦስተኛው ስህተት ነው፤ መረጃው እያለ ሳይመዘገብ የቀረ ወይም በተሳሳተ መንገድ የተመዘገበ ሂሳብ ሲገኝ ያለፈው ዓመት ሂሳብ ታርሞ፣ መታረሙም በግልጽ ተነግሮ ይቀርባል።

ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ይመስላል፤ አይደለም። ስህተትን “የፖሊሲ ለውጥ” ብሎ መሰየም ጥፋትን መሸፈን ነው፤ የፖሊሲ ለውጥን “ግምት” ብሎ መሰየም ደግሞ ያለፈውን ዓመት አሃዝ ከማስተካከል መሸሽ ነው። ወደ አይኤፍአርኤስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደረገውን ሽግግር የሚመራው ደረጃ (አይኤፍአርኤስ 1) ይህን አደጋ በማየት፣ ድርጅቱ በሽግግሩ ወቅት የቆየ ስህተት ካገኘ ስህተቱን ከደረጃ ለውጡ ለይቶ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ለረጅም ዓመታት ሳይታረቁ የቆዩ ተሰብሳቢና ተከፋይ ሂሳቦች በአንድ ጀምበር “በሽግግር ማስተካከያ” ስም ከመዝገብ ሲወጡ፣ ኦዲተሩም ሆነ የቦርድ አባሉ በቅድሚያ ሊያነሱት የሚገባው ጥያቄ ከዚሁ ድንጋጌ የሚመነጭ ነው።

አንድ የጭነት መኪና እንደ ምሳሌ

ነገሩን በአሃዝ ለማስረዳት በወላይታ ዞን ቢጠና ከተማ የሚሠራ አንድ የዱቄት ማምረቻ ድርጅት ቢታሰብ፣ ድርጅቱ በሐምሌ 2007 መጀመሪያ በ2 ሚሊዮን ብር የጭነት መኪና ገዝቷል እንበል። አሃዙ ለማብራሪያ የተወሰደ እንጂ የአንድ የታወቀ ድርጅት ሂሳብ አይደለም። ድርጅቱ ቀድሞ በሚሠራበት መንገድ የግብር ሕጉን 20 በመቶ በየዓመቱ ከቀሪው ዋጋ ላይ ሲቀንስ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ማለትም ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም፣ መኪናው በመዝገብ 1 ሚሊዮን 24 ሺህ ብር ይሆናል።

ድርጅቱ የመጀመሪያውን አዲስ ሪፖርት የሚያቀርበው ለ2012 በጀት ዓመት ነው ቢባል፣ ለማነጻጸሪያ 2011ን ማሳየት ስላለበት የሽግግሩ ቀን ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም ነው። በዚህ ቀን የመክፈቻ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ያዘጋጃል። በአዲሱ ደረጃ የእርጅና ተቀናሽ የሚሰላው ንብረቱ በእውነት በሚሰጠው አገልግሎት ዘመን ነው። መኪናው አሥር ዓመት ያገለግላል፣ በመጨረሻም 200 ሺህ ብር ያወጣል ተብሎ ከተገመተ ዓመታዊ ተቀናሹ 180 ሺህ ብር፣ የሦስት ዓመቱ 540 ሺህ ብር ይሆናል። ስለዚህ የመኪናው ዋጋ 1 ሚሊዮን 460 ሺህ ብር ሆኖ ይመዘገባል፤ ከቀድሞው በ436 ሺህ ብር ይበልጣል። የግብር መዝገቡ በነበረበት ስለሚቀጥል ከልዩነቱ ላይ 30 በመቶው፣ 130 ሺህ 800 ብር፣ ወደፊት የሚከፈል ግብር ተብሎ በዕዳ ይያዛል። ቀሪው 305 ሺህ 200 ብር በቀጥታ በተጠራቀመ ትርፍ ላይ ይደመራል።

ድርጅቱ አንድ ኩንታል ዱቄት ተጨማሪ ሳይሸጥ ካፒታሉ በ305 ሺህ 200 ብር አድጓል ማለት ነው። የ2011 ትርፉም ከግብር በፊት በ24 ሺህ 800 ብር ከፍ ይላል፤ በቀድሞው ስሌት ተቀናሹ 204 ሺህ 800 ብር ሲሆን በአዲሱ 180 ሺህ ብር ነውና። በካዝናው ውስጥ ያለው ጥሬ ገንዘብ ግን አንድም ሳንቲም አልተለወጠም። ይህን ያልተረዳ የባለአክሲዮኖች ጉባዔ ከዚህ “ዕድገት” ላይ የትርፍ ድርሻ እንዲከፈል ቢወስን የሚከፍለው ከሥራ ማስኬጃው ነው። ለብድር ማመልከቻ ወይም ለጨረታ የፋይናንስ አቅም ማረጋገጫ የሚቀርብ ሰነድ ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ በሐምሌ 2012 መጀመሪያ መኪናው በሚመላለስበት ጠጠር መንገድ ምክንያት ከዚህ በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ እንደማያገለግል ታወቀ እንበል። በዚህ ጊዜ በመዝገብ ያለው ዋጋ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ነው። ከዚህ ላይ 200 ሺህ ብር የመጨረሻ ዋጋው ተቀንሶ ቀሪው ለሦስት ዓመት ሲከፈል ዓመታዊ ተቀናሹ ከ180 ሺህ ወደ 300 ሺህ ብር ያድጋል። ይህ የግምት ለውጥ ነው። የ2011ም ሆነ የ2012 አሃዝ አይነካም፤ በ2013 ሪፖርት ማብራሪያ ላይ ግን ለውጡ ምን እንደሆነና ወጪውን በ120 ሺህ ብር እንደጨመረ መገለጽ አለበት።

ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ምሳሌው ሌላ ትርጉም አለው። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የንግድ ሥራ ግብር የሚከፈልበት ገቢ በሂሳብ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች ከተዘጋጀው የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ተነስቶ፣ በግብር ሕጉ መሰረት ተስተካክሎ እንዲወሰን ደንግጓል። በመሆኑም በሂሳብ መግለጫ ላይ ያለው ትርፍና በግብር ማስታወቂያ ላይ ያለው ትርፍ መለያየታቸው ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ጥያቄ የሚያስነሳው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው የማስታረቂያ ሠንጠረዥ ሳይኖር ሲቀር ነው።

ባንኮች በሦስት ዓመት ሦስት ለውጥ

በሽግግሩ ከባዱን ሸክም የተሸከሙት የፋይናንስ ተቋማት ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2010 በጀት ዓመት ወደ አይኤፍአርኤስ ሲገቡ ለብድር ኪሳራ የሚይዙትን መጠባበቂያ የሚወስነው በቀድሞው ዓለም አቀፍ ደረጃ (አይኤኤስ 39) ነበር። አይኤፍአርኤስ 9 ደግሞ እ.ኤ.አ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 በኋላ ለሚጀምሩ ዓመታት የሚያገለግል በመሆኑ፣ ቀደም ብሎ ለመተግበር ላልመረጠ የኢትዮጵያ ባንክ ተፈጻሚ የሚሆነው ከሐምሌ 1 ቀን 2010 ጀምሮ፣ ማለትም በ2011 በጀት ዓመት ነው። በኪራይ ሂሳብ ላይ የወጣው አይኤፍአርኤስ 16ም በተመሳሳይ ምክንያት ከሐምሌ 1 ቀን 2011 ጀምሮ በ2012 በጀት ዓመት ተከተለ። የአንድን ባንክ የአራት ዓመት ትርፍ በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጦ “አደገ” ወይም “ቀነሰ” የሚል ዘገባ የሚያዘጋጅ ክፍል፣ በመሃሉ መለኪያው ሦስት ጊዜ መለወጡን ካላስታወሰ ድምዳሜው መሠረት የለውም።

በተለይ የአይኤፍአርኤስ 9 ለውጥ ጥልቅ ነው። በቀድሞው ደረጃ መጠባበቂያ የሚያዘው ኪሳራ የደረሰ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ሲገኝ ነበር። በሶዶ ገበያ እህል የሚነግድ ተበዳሪ ክፍያውን እስካላጓደለ ድረስ ባንኩ ለዚያ ብድር ለይቶ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። በአዲሱ ደረጃ ግን ብድሩ በተሰጠበት ዕለት ጀምሮ በቀጣዮቹ 12 ወራት ሊደርስ ይችላል ተብሎ ለሚገመተው ኪሳራ መጠባበቂያ ይያዛል። የተበዳሪው ሁኔታ ጉልህ በሆነ መጠን ከተበላሸ ስሌቱ ብድሩ እስኪያልቅ ባለው ዘመን ሁሉ ለሚጠበቀው ኪሳራ ይሆናል፤ ክፍያ ከ30 ቀን በላይ መዘግየቱ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር የመበላሸቱ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል፤ 90 ቀን ሲያልፍ ደግሞ ብድሩ ክፍያ እንደተቋረጠበት ይቆጠራል። ስሌቱ የኢኮኖሚውን መጪ ሁኔታ ጭምር ማገናዘብ ስለሚጠበቅበት፣ በአንድ ወረዳ የበልግ ዝናብ መስተጓጎል እንኳ ለአነስተኛ አበዳሪ ተቋም የሂሳብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በቀድሞው ደቡብ ክልል ገጠር ሲያበድር ቆይቶ ወደ ባንክነት የተሸጋገረው ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስን የመሳሰሉ፣ ደንበኞቻቸው ከዝናብ ጋር የተሳሰሩ ተቋማት ይህን ስሌት ለመሥራት የበርካታ ዓመታት የብድር አመላለስ መረጃ በተደራጀ ሁኔታ ያስፈልጋቸዋል። መረጃው በየቅርንጫፉ በወረቀት መዝገብ ተበታትኖ ባለበት የስሌቱ ቀመር የቱንም ያህል ቢራቀቅ ውጤቱ ከግምት አያልፍም።

ብሔራዊ ባንክ በበኩሉ የራሱ የመጠባበቂያ መመሪያ አለው፤ በዚህ መመሪያ ጤናማ ለሚባል ብድር 1 በመቶ፣ እንደጠፋ ለሚቆጠር ብድር 100 በመቶ ይያዛል። ስለዚህ ባንኮች ሁለት ስሌት ይሠራሉ። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የተሰላው ከበለጠ፣ ብልጫው ከተጠራቀመ ትርፍ ላይ ተነስቶ ለባለአክሲዮን በማይከፋፈል የመጠባበቂያ ሂሳብ ውስጥ ይቀመጣል። በባንኮች ሪፖርት ላይ ይህን ርዕስ የሚያገኝ አንባቢ ገንዘቡ ለትርፍ ክፍፍል እንደማይውል መረዳት አለበት።

የኪራዩ ደረጃ ያስከተለው ለውጥ ከዚህ ይለያል። በሌሎች ሀገሮች አይኤፍአርኤስ 16 ከ12 ወር በላይ የሆነ የሕንጻ ኪራይ ውልን በሀብትና በዕዳ ሁለቱም በኩል እንዲመዘገብ በማድረጉ የድርጅቶችን ዕዳ በእጅጉ አሳድጓል። በኢትዮጵያ ግን ባንኮች ለቅርንጫፍ የሚከራዩትን ቤት የብዙ ዓመት ኪራይ አስቀድመው የመክፈል ልማድ ስላላቸው፣ ለውጡ በአመዛኙ ቀድሞ “ቅድመ ክፍያ” ይባል የነበረውን “የመጠቀም መብት” በሚል ስም ወደ ሌላ መስመር ማዛወር ሆኗል።

ቡና፣ እንሰትና የሁምቦ ደን

ለወላይታ አካባቢ ከባንኮቹ ጉዳይ ያላነሰ ትርጉም ያለው የግብርና ሂሳብ ደረጃ (አይኤኤስ 41) ነው። ደረጃው በእድገት ላይ ያለ እንስሳና ተክል በወጪው ሳይሆን በዕለቱ የገበያ ዋጋ፣ የመሸጫ ወጪ ተቀንሶ እንዲለካና የዋጋው ለውጥ በትርፍና ኪሳራ ውስጥ እንዲታይ ያዛል። እ.ኤ.አ በ2014 የወጣ ማሻሻያ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ምርት የሚሰጡ፣ ራሳቸው እንደ ምርት የማይሸጡ ተክሎችን ለይቶ እንደ ማሽን በወጪያቸው እንዲመዘገቡና የእርጅና ተቀናሽ እንዲሰላላቸው አደረገ። ማሻሻያው ከ2016 ጀምሮ የጸና በመሆኑ የኢትዮጵያ ድርጅቶች የሽግግር ጊዜ ሲደርስ በሥራ ላይ ነበር፤ ከዚያ በፊት የታተመ የመማሪያ መጽሐፍ የሚጠቀም ባለሙያ ግን የተሻረውን መንገድ ሊከተል ይችላል።

በዚህ መሠረት የቡና ዛፍ፣ የማንጎና የአቮካዶ ተክል በወጪያቸው ሲመዘገቡ፣ በዛፉ ላይ ያለው ያልተለቀመ ቡና በገበያ ዋጋ ይለካል። እንሰት ግን ከዚህ ይለያል። በርካታ ዓመታት በማሳ ላይ ቆይቶ ለቆጮና ለቡላ ሲደርስ ተክሉ ራሱ ተነቅሎ ስለሚፋቅ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ የማፍራት መስፈርቱን አያሟላም። በመሆኑም እንሰት የሚያለማ ድርጅት ተክሉን በየዓመቱ በገበያ ዋጋ መለካት ይጠበቅበታል። ለአምስት ዓመት ሳይሸጥ የቆየ ማሳ በየዓመቱ ትርፍ ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው። ሙሉውን ደረጃ የሚከተል ድርጅት ይህን ዋጋ እንዴት እንደተመነ በማብራሪያው የማስረዳት ግዴታ አለበት።

ደረጃ በሌለበት ጉዳይ ላይ ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ምሳሌው እዚያው ዞን ውስጥ ይገኛል። በሁምቦ በ2 ሺህ 728 ሄክታር ተራራማ መሬት ላይ በተፈጥሮ እንዲያገግም የተደረገው ደን እ.ኤ.አ በ2009 በተባበሩት መንግስታት የንጹህ ልማት ሥርዓት ተመዝግቦ፣ በሰባት የህብረት ሥራ ማህበራት ስም የካርቦን ሽያጭ ገቢ እንዲያስገኝ ተደርጓል። ገዢው የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ሲሆን ውሉ 165 ሺህ ቶን የሚሸፍን ነበር። የካርቦን ልቀት መብት በሂሳብ መዝገብ እንዴት ይያዝ ለሚለው በዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣው ትርጓሜ እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2004 ታትሞ በጁን 2005 ተሰረዘ፤ ከዚያ ወዲህ ምትክ ደረጃ ሳይወጣለት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ አይኤኤስ 8 አመራሩ ተቀራራቢ ጉዳዮችን የሚገዙ ደረጃዎችንና የሂሳብ አያያዝ ጽንሰ ሀሳብ ማዕቀፉን ተመልክቶ የራሱን ፖሊሲ እንዲያወጣ፣ ካወጣም በኋላ በየዓመቱ እንዳይቀያይር ያስገድዳል። ካርቦኑን ደኑ ሲያድግ፣ ሲረጋገጥ ወይስ ገንዘቡ ሲገባ ነው ገቢ የሚባለው የሚለው ምርጫ በአባላት መካከል የገቢ ክፍፍልን የሚወስን በመሆኑ፣ የተመረጠው መንገድ በማብራሪያው በግልጽ መጻፍ አለበት።

በማብራሪያው ውስጥ የሚፈለገው

አዲስ ደረጃ ሲተገበር ድርጅቱ የደረጃውን ስም፣ የለውጡን ምንነት፣ የሽግግር ድንጋጌ ተጠቅሞ ከሆነ ይህንኑ፣ እንዲሁም በእያንዳንዱ የተነካ የሂሳብ መስመር ላይ በያዝነውና ባለፉት ዓመታት የደረሰውን ልዩነት በብር መግለጽ አለበት። ወደ ኋላ ማስተካከል የማይቻል ከሆነ ምክንያቱን ይጽፋል። በመጀመሪያው የሽግግር ሪፖርት ላይ ደግሞ በቀድሞውና በአዲሱ መለኪያ መካከል የካፒታልና የትርፍ ማስታረቂያ ሠንጠረዥ ይቀርባል፤ ለባንኮቹ ይህ ሐምሌ 1 ቀን 2008ን እና ሰኔ 30 ቀን 2009ን የሚመለከት ነበር። በበርካታ ዓመታዊ ሪፖርቶች የአማርኛው ክፍል የሥራ አፈጻጸሙን ሲይዝ፣ እነዚህ ሠንጠረዦች የሚገኙት በመጨረሻዎቹ የእንግሊዝኛ ገጾች ውስጥ ነው። አንብቦ የሚያስረዳ ባለሙያ የሌለው የቦርድ ስብሰባ ዋናውን ሰነድ ሳያይ ይበተናል።

በአንጻሩ ማንኛውም የአሃዝ መዋዠቅ የደረጃ ለውጥ ነው ማለትም ስህተት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በውጭ ገንዘብ ዕዳ ያለባቸው ድርጅቶች ሂሳብ በእጅጉ ተናግቷል። ይህ ግን የምንዛሪ ለውጥ እንጂ የደረጃ ለውጥ አይደለም። ከዚህም በላይ ውሳኔው የመጣው ሰኔ 30 ቀን 2016 በጀት ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ በመሆኑ፣ የ2016ን አሃዝ የማይለውጥ፣ ነገር ግን ሪፖርቱ ገና ካልጸደቀ በማብራሪያ ሊገለጽ የሚገባው ከዓመቱ መዘጋት በኋላ የደረሰ ክስተት ነው። ይህንኑ ምክንያት አድርጎ የ2016ን ትርፍ ዝቅ ያደረገ ድርጅት ቢኖር ምንዛሪውን ሳይሆን ደረጃውን ጥሷል።

ከማብራሪያዎቹ መካከል ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚታለፈው ወጥተው ገና ተፈጻሚ ያልሆኑ ደረጃዎችን የሚዘረዝረው ነው። እዚህ ላይ ድርጅቱ ደረጃው ሲጸና በሂሳቡ ላይ ያመጣል ብሎ የሚጠብቀውን ውጤት አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል፤ “ተጽዕኖው እየተጠና ነው” የሚል አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከዓመት ዓመት ሲገለበጥ ጥናቱ አለመጀመሩን መጠርጠር ይቻላል። እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2024 የወጣው አይኤፍአርኤስ 18 የትርፍና ኪሳራ መግለጫን በሥራ ክንውን፣ በኢንቨስትመንትና በፋይናንስ ምድቦች እንዲከፈልና የሥራ ክንውን ትርፍ ለብቻው እንዲታይ የሚያዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 በኋላ ለሚጀምሩ ዓመታት ይጸናል። በኢትዮጵያ በጀት ዓመት ይህ ማለት ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ዓ.ም ጀምሮ ነው። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2025 የወጣው ሦስተኛው እትምም የሚጸናው በዚያው ጊዜ ነው። የማነጻጸሪያው ዓመት ግን ሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም ስለሚጀምር፣ ድርጅቶቹ ሂሳባቸውን በአዲሶቹ ምድቦች መለየት የሚኖርባቸው ከዚያ ቀን አንስቶ ነው።